ገናን ያስታወሰኝ ጨዋታ

ይድረስ ለውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አባባስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁና ይቅር በለኝ። ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ስዞር ነው የከረምኩት። «ልደላደልና እጽፍለታለሁ» ስል ዓመቱ ሮጠ። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቻለሁ። እዚህ አበሻው ብዙ ነው፤ እንጀራውም ቡናውም ከደጅ ነው።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ልጄ ነው። ትምህርት ቤት ላክሮስ የሚባል ጨዋታ ጀምሯል። ዱላው ጫፉ ላይ መረብ አለው። ኳሷን በመረቡ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይቀባበላሉ፣ ጎል ላይ ይወረውሯታል። በወንዶቹ የሜዳ ጨዋታ በየወገኑ አስር ሰው ይሰለፋል። ልጄ ዱላውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ግን እኔ ያየሁት አንተን ነው። ያ የገና ሜዳ፣ ያቺ ሩር፣ አባባ የቀረጹልህ ቆልማማ ዱላ!

ከእኛ ገና ጋር ዝምድና የለውም። ጨዋታው የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ነው። ሆዲኖሾኒ የሚባሉት የፈጣሪ ስጦታ ነው ይሉታል፤ ለታመመ ሰው ፈውስ ብለውም ይጫወቱታል። ይህን ስሰማ ጨዋታውን በሌላ ዓይን አየሁት።

ከልጄ ጋር ሆኜ የባለሙያዎቹን ሊግ መከታተል ጀመርኩ። ፕሪሚየር ላክሮስ ሊግ ይባላል። የመሠረቱት ፖል ራቢል የሚባል ዝነኛ ተጫዋችና ወንድሙ ማይክ ናቸው። ፖል ያደገው እዚሁ እኛ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በስድስት ቡድን ሲጀምሩ አንዱም ቡድን የራሱ ከተማ አልነበረውም። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ይጫወታሉ፣ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ሌላ ከተማ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ አላቸው። አርብ ሲደርስ ሻንጣና ዱላ ይዘው ወደ አየር ማረፊያ! ወንድሜ፣ ይህ የእኔ ኑሮ አይደለም ትላለህ?

የእኔ ቡድን ዊፕስኔክስ ነው። እንደ ጅራፍ የቀጠነ የእባብ ዓይነት ስም ነው። መጀመሪያ ሲቋቋም አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ እዚህ አጠገባችን ካለው ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ነበሩ። በ2019 ፍጻሜ ከሬድዉድስ ጋር እኩል ወጥተው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ማት ራምቦ አገባና 12 ለ 11 ዋንጫውን ወሰዱ። ልጄ ቪዲዮውን ስንቴ እንዳሳየኝ አልነግርህም። በ2020 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ዩታ ላይ ያለ ተመልካች ተካሄደ። ዋንጫው ዳግመኛ የእነሱ ሆነ። የዓመቱ ኮከብ ዜድ ዊሊያምስ ነበር፤ የሴኔካ ሕዝብ ልጅ፣ ከሆዲኖሾኒ ወገን። የአያቶቹን ጨዋታ ይዞ እዚያ ላይ ሲቆም ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በ2024 ለቡድኖቹ ከተማና ግዛት ተሰጣቸው። የእኔዎቹ «ሜሪላንድ ዊፕስኔክስ» ተባሉ። አምስት ዓመት የዞረ ቡድን «አገርህ ይሄ ነው» ሲባል ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። እኔም ያኔ ነው ከዚህ ወዲያ አልዞርም ያልኩት።

አንድ ነገር ልለምንህ። የገና ዱላህ አሁንም አለች? ካለች የሚመጣ ሰው ስታገኝ ላክልኝ፤ ከሌለች አባባን አስቀርጽልኝ። ልጄን እዚህ ሜዳ ላይ ገና ላስተምረው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አስይዤዋለሁ፤ ሩር አመታቱን ግን አንተ በስልክ ንገረው። እኔ ድሮም እንዳንተ አልችልበትም ነበር።

ቁጥሬን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። እሁድ ማታ ባንተ ሰዓት እጠብቅሃለሁ።

ናፋቂህ ወንድምህ