ክሊፕ የተወለደው በ1981 አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ሙዚቃ ክሊፕ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ።

አንደኛው መነሻው ነው። ታሪኩን የጀመራችሁት ኤምቲቪ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥርጭት ከጀመረበት ከ1981 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው ሲከፈት መጀመሪያ ያሳየው የእንግሊዙ ባንድ የባግልስ ክሊፕ እኮ ራሱ በ1979 የተሠራ ነው!

በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ፓኖራም የሚባል፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ማሽን ይቆም ነበር። ሳንቲም ሲጨምሩበት የሦስት ደቂቃ ያህል የሙዚቃ ፊልም ያሳያል። መምረጥ ብሎ ነገር የለም፤ ተራው የደረሰውን ማየት ነው። ማሽኑ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው በመስታወት እያንጸባረቀ ስለነበር፣ ፊልሙ ሆን ተብሎ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። ዛሬ ሳይስተካከል ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ቅጂ ካጋጠማችሁ፣ ጊታሪስቱ ሁሉ ግራኝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1960 ደግሞ ፈረንሳዮች ስኮፒቶን የሚባለውን ተመሳሳይ ማሽን አመጡ፤ ባለቀለም፣ ያውም ዘፈን የሚመረጥበት።

ከዚያ ቴሌቪዥን አለ። ቢትልሶች በ1966 ለዘፈኖቻቸው አጫጭር ፊልም ያሠሩት በየአገሩ ጣቢያ ለጣቢያ መዞሩ ስላላዋጣቸው ነው። የእንግሊዙ ባንድ ኩዊኖችም በ1975 ለቴሌቪዥን በእነሱ ፈንታ ክሊፓቸውን ላኩ። ክሊፕ ከኤምቲቪ በፊትም ሥራ ነበረው ማለት ነው፤ በአካል ያልተገኘውን ዘፋኝ ተክቶ መገኘት። ኤምቲቪ ያመጣው ሌት ተቀን ክሊፕ የሚያሳይ ጣቢያ ነው። የሙዚቃ አሳታሚዎቹም ያኔ ኪሳቸውን ፈታ አደረጉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይብሳል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ባነበው የአንድ ዳይሬክተር ስም የለም። የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አንስታችሁ ጆን ላንዲስን ዘለላችሁት። የፊልም ሰው ባይገባበት አንድ ዘፈን 14 ደቂቃ ገደማ ይረዝም ነበር? የኖርዌዩን ባንድ የአሃን «ቴክ ኦን ሚ» አደነቃችሁ፤ ስቲቭ ባሮን የለም። ቀረጻውን እያዩ በእርሳስ የተሳሉት ምስሎች ወደ 3,000 ይጠጋሉ፣ ወራት ፈጅተዋል። የሠዓሊው የማይክል ፓተርሰን ስምም የለም። ፒተር ጋብሪኤል ለ«ስሌጅሀመር» ከመስታወት ሥር 16 ሰዓት መተኛቱን ጽፋችኋል። ዘፋኙ ለትዕግሥቱ ይመስገን። ያን ሁሉ ሰዓት ፍሬም በፍሬም ያስቀረጸው ስቲቨን ጆንሰንስ?

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ልማዱ የቆየ ነው። ኤምቲቪ ራሱ የዳይሬክተሩን ስም ክሊፑ ላይ ማስፈር የጀመረው በ1992 መጨረሻ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ፊንቸር ያኔ ከማዶና ጋር ስንቱን ክሊፕ ሠርቶ ወደ ሲኒማ ተሻግሮ ነበር። በዩቲዩብ ዘመንም ለውጥ የለም። በ2006 የአሜሪካ ባንድ የሆኑት ኦኬ ጎዎች በስምንት ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ፣ ካሜራው ሳይቋረጥ የጨፈሩትን ክሊፕ ዓለም አይቶታል። ጭፈራውን ያወጣችው የባንዱ ዘፋኝ እህት ትሪሽ ሲ መሆኗን ስንት ሰው ያውቃል?

እንግዲህ ቀጣዩን ክፍል ስታወጡ ከዘፋኙ ስም ጎን የዳይሬክተሩንም ጨምሩልን። ቦታ ጠበበን ካላችሁ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳየው የሚዘረዝረውን አንቀጽ ቁረጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ