ዝቅ ተደርጋ ጎማዋ ስለሚፈጭ ኮሮላ የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የሠራችሁት ሥራ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በጋራዣችሁ ሞላዋ ተቆርጦ፣ ባለ 16 ቸርኬና ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራቂያ ብረት) ተገጥሞላት የወጣችው ኮሮላ የፊት ጎማዎቿ ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) እየፈጩ ነው። በቃል ላቀረብነው አቤቱታ የተሰጠን መልስ አንዴ «ይላመዳል»፣ አንዴ ደግሞ «ፓራፋንጎውን ትንሽ እንቁረጠው» የሚል ስለሆነ ነገሩን በጽሑፍና በልኬት ለማቅረብ ተገደናል። ምኑ እንደሚላመድ አልገባንም፤ እስካሁን የቀነሰ ነገር ቢኖር የጎማው ትከሻ ብቻ ነው።

መኪናዋን ጋራዡ አካባቢ ነድታችሁ «ምንም የለባትም» ማለታችሁ አያስገርምም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በእርግጥም አትፈጭም። ጉዱ የሚወጣው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ነው። ፍሬን ተይዞ ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ ቀኝ የፊት ጎማ ላይ ይጫናል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ወደ ላይ ገብቶ የፓራፋንጎውን የታጠፈ ጠርዝ ያገኘዋል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ተራው የግራው ነው። ጠርዙን ጠመኔ ቀብተን ስንነዳት ጠመኔው የተጠረገው ከጎማው አናት ትይዩ፣ ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ብቻ ነው። የጎማው ውጫዊ ትከሻ ዙሪያውን ተልጧል፤ በአሞርዛተሩ (በንዝረት መቀነሻው) በኩል ያለው የውስጥ ገጽ ግን አልተነካም። ሌላም ምልክት አለ፦ መሪው እስከ ጥጉ ሲዞር ጎማው ከኋላው ያለውን የውስጥ ፕላስቲክ ይነካል። የዚህኛው ምክንያት ሌላ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መዶሻ መፍታት አይቻልም።

የወለቀው ቸርኬ 15 በ6 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (መግጠሚያ ፊቱ ከቸርኬው ስፋት መሐል የሚርቅበት ልክ) 45 ሚሊ ሜትር ነበር። የገባው 16 በ7፣ ኦፍሴቱ 40 ነው። ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት አካል) ፊት እስከ ቸርኬው የውጭ ጠርዝ ያለው ርቀት በድሮው 31 ሚሊ ሜትር፣ በአዲሱ 49 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቸርኬው ብቻውን ጎማውን 18 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አወጣው ማለት ነው። እናንተ በዚህ ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ስትጨምሩ 28 ደረሰ። ሠራተኞቻችሁ ስፔሰሩ የገባው ጎማው አሞርዛተሩን ስለተጠጋ መሆኑን ነግረውናል። ስጋታቸው ልክ ነው፤ አዲሱ ቸርኬ ወደ ውስጥም 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። ያለ ስፔሰር ስንለካው ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንሳል። ግን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢገባ 8 ይሆን ነበር። 10 የተመረጠው መደርደሪያው ላይ የተገኘው እሱ ስለሆነ ይመስለናል።

ከመፋጨቱም የሚብሰው የዳዶው ጉዳይ ነው። የዚህች መኪና የጎማ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 8 ዙር መንከስ አለበት። አሁን በስፔሰሩ ምክንያት 5 ዙር እንኳ አይሞላም። ብሎኑን ሳታስረዝሙ ይህን ስፔሰር አስገብታችሁ ሐረጎን የምትወርድ መኪና ማስረከባችሁን እንደ ቀላል ስህተት አናየውም። ሳንጠቅሰው የማናልፈው ደግሞ የቸርኬው መሐል ቀዳዳ 73.1፣ የሞዞው 54.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አለመግባቱ ነው። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንስ ቢደጋገምም አይድንም።

የገባው ጎማ 205/55 ነው፤ ይህም ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 55 በመቶ ማለት ነው። የድሮው 195/60 በ15 ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይሄኛው 632 ነው፤ ከመሐሉ ሲለካ በየአቅጣጫው ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። ፕላስቲኩን የሚነካው በዚህ ነው። ለባለ 16 ቸርኬ 205/50 ቢሆን ኖሮ ቁመቱ 611 ነበር፤ ጥያቄውም አይነሣም።

ሞላው የተቆረጠው በኦክስጅን ነው። እሳት የበላው ጫፍ ጥንካሬው ስለሚሞት ሞላው እያደር ይበልጥ ይወርዳል። መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ ሞላው መቀመጫው ላይ ላልቶ በእጅ ይዞራል። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የሚቀመጠው ማቆሚያ ላስቲክም ወጥቷል፤ ስለዚህ ጎማውን ከጠርዙ በፊት የሚያቆመው ነገር የለም።

ፓራፋንጎውን በተመለከተ፣ የግራውን በመዶሻ ስትመልሱት ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፤ ክረምት ሲገባ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የቀኙ እንዲቆረጥ አንፈቅድም። የተቆረጠ ላሜራ ጎማ የሚጠብቅ ቢላዋ ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለው ነው። የተቆረጠው ሞላ ወጥቶ መኪናዋን ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ የሚያደርግ የተሠራ ሞላ፣ ከማቆሚያ ላስቲኩ ጋር ይግባ። ስፔሰሩ ወደ 5 ይውረድ፣ የቸርኬው ቀለበት ይግባ፣ ጎማው በ205/50 ይቀየር። ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ የሚጋደልበት ማዕዘን) በሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ 1.5 ዲግሪ ይጋደል፤ አንድ ዲግሪ የጎማውን አናት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያስገባል። ይህ በታችኛው የአሞርዛተር ብሎን ከተሠራ ጎማው አሞርዛተሩን ስለሚጠጋ የውስጡ ክፍተት እንደገና ይለካ። ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) መጨረሻ ላይ ይስተካከል፤ ካምበር ሲነካ ቶ መዛባቱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፍተሻው በትክክል ይሠራ። ሞላውን አውጥታችሁ አሞርዛተሩን ከነላስቲኩ መልሱ፣ ጎማውን በክሪክ እስከ ማቆሚያው ድረስ አንሡት፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩና በየቦታው ለኩ። ያኔም ጠርዙን የሚነካ ከሆነ ቀለሙ በሙቅ አየር ሞቆ፣ ሞዞው ላይ በሚታሰር ሮለር ቀስ በቀስ ይታጠፍ። የግራው ፓራፋንጎ ቀለም በእናንተ ወጪ ይታደስ። ዳዶዎቹ በቶርክ መፍቻ በ103 ኒውተን ሜትር ይታሰሩ፤ በእግር እየተረገጠ አይደለም።

የጎማውና የሞላው ዋጋ ከሠራተኛ ክፍያ ጋር በጋራዡ እንዲሸፈን እንጠይቃለን። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው አካል አቤት እንላለን። የጎማው፣ የጠርዙና የተቆረጠው ሞላ ፎቶዎች ተያይዘዋል። የአላይመንቱ ውጤት ታትሞ በእጃችን ሳይገባ መኪናዋን አንረከብም፤ ቀሪውንም ሒሳብ አንከፍልም።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤቶች
ደሴ