የአውሮፕላን ንድፍ እስከ አምስተኛ ዓመት ለምን ይቆያል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአገራችን ስለ ኤሮስፔስ ምህንድስና በተነሳ ቁጥር ጨዋታው የሚያዘነብለው ወደ ትልልቆቹ ነገሮች ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት ኖራ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስለተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላን እናወራለን፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስለመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን እናነሳለን፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ስለጀመረው አየር መንገዳችንም እንኮራለን። ሁሉም ሊነሳ የሚገባው ነው። ነገር ግን ይህን ሙያ ሊማር የገባ የ19 ዓመት ወጣት በመጀመሪያዎቹ ወራት በእጁ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ምህንድስና የማስተምር ሰው እንደመሆኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ለአንባቢዎቻችሁ ላቅርብ፤ የመግቢያው ኮርስ የንድፍ ኮርስ መሆን አለበት፣ የቡድን ሥራው፣ የሪፖርት አጻጻፉና የሙያ ኃላፊነቱም በዚያው ውስጥ ይሰጥ እላለሁ።

አሁን የማየው ልማድ ከዚህ የራቀ ነው። ተማሪው የፍሬሽማን ዓመቱን በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በሎጂክና በእንግሊዝኛ አሳልፎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ከገባ በኋላ ስታቲክሱን፣ ቴርሞዳይናሚክሱንና ፍሉድ ሜካኒክሱን በየተራ ይወስዳል። ከባዶ ወረቀት ተነስቶ አንድ ነገር የመንደፍ ዕድል የሚያገኘው አምስተኛ ዓመት ላይ፣ በመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው። ያኔ ደግሞ የመውጫ ፈተናውና የሥራ ፍለጋው ተደራርበውበት ስለሚደርስ፣ የቀደሙትን ተመራቂዎች ሥራ ርዕሱን ቀያይሮ ማቅረብ የሚቀናው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የሒሳቡን ጥቅም የማቃልል አይምሰላችሁ፤ ሒሳቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪው ቀድሞ ቢያውቅ በተሻለ ትጋት ይማረዋል ነው የምለው።

የማቀርበው ሥራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አምስት አምስት ሆነው የተመደቡ ተማሪዎች ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎበት ከሚመጣው ነጭ ፎም፣ በምላጭና በማጣበቂያ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር የሚሆን ሞተር አልባ አውሮፕላን (ግላይደር) ይሥሩ፤ 50 ግራም ጭነት ይዞ፣ ከሁለት ሜትር ከፍታ በእጅ ሲወረወር የቻለውን ያህል ርቀት ይብረር። ታዲያ ፎሙን ከመቁረጣቸው በፊት ሥዕሉን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥና ይበራል ብለው ያሰሉትን ርቀት በጽሑፍ ያስረክባሉ። የሚሆነውን ደጋግሜ ስላየሁት ልንገራችሁ። ጭራው እንዳይነቀል ተብሎ ማጣበቂያ ይበዛበታል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለት ጣቶቻቸውን በክንፉ ሥር፣ ከፊተኛው ጠርዝ የክንፉን ወርድ ሩብ ያህል ገባ አድርገው ደግፈው ሲያነሱት ጭራው ወደ መሬት ያዘነብላል። ይህን ችላ ብለው የወረወሩት እንደሆነ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይልና ፍጥነቱ ይሞታል፣ ከዚያም ባለበት ይወድቃል። የክብደት ማዕከልን ጥያቄ በፈተና ላይ ያለ ስህተት የሠራ ልጅ እንኳ ነገሩ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ አፍንጫው ላይ ሳንቲም መለጠፍ ነው፤ የተጨመረው ግራም ግን ተጨማሪ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ርቀቱም ከተሰላው ጋር አይገጥምም። መንገደኞች አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ሻንጣውም ነዳጁም የት የት እንደተቀመጠ ተሰልቶ ካልተፈረመበት ለምን እንደማይንቀሳቀስ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስቸግርም።

ይህን ሥራ አዲስ አበባ ላይ መሥራት ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። የመማሪያ መጻሕፍቱ የአየርን እፍግታ 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይላሉ፤ ይህ በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሠራ ቁጥር ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እፍግታው ወደ 0.97 ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ከዚያም ያንሳል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ስለሚቀንስ፣ በመጽሐፉ ቁጥር በሴኮንድ 6 ሜትር ፍጥነት ይበቃዋል ተብሎ የተነደፈ ግላይደር እዚህ ለመንሳፈፍ 6.7 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ቁጥር ሳይመረምሩ ከመጽሐፉ ሲገለብጡ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፤ ውርወራው ራሱ ይነግራቸዋል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከቦሌ ሲነሱ ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልጉትና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት የሚከብዳቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ለታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው ዝቅ ያለ ቦታ መመረጡም ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም ይሰጣል።

ወደ ቡድን ሥራው ልምጣ። የግሩፕ አሳይመንት እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ጎበዝ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ፣ ውጤቱ እኩል ይታደላል። እንዲህ የለመደ ልጅ ነገ ሃንጋር ውስጥ ሲገባ ያልሠራውን ሥራ «ተሠርቷል» ብሎ ቢፈርም ምን ይገርማል? አንድ ቴክኒሺያን ለሠራው ሥራ ይፈርማል፣ መፍቻዎቹን ቆጥሮ ይመልሳል፣ አንዱ ከጎደለ አውሮፕላኑ ቆሞ ይፈለጋል። ስለዚህ በመግቢያው ኮርስ እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን ክፍል በስሙ ይፈርም፤ ክንፉን ያሰላው ልጅ ስለ ክንፉ ይጠየቅ። ከዚህ በተጨማሪ በየቡድኑ አንድ ተማሪ የራሱን ቡድን ንድፍ እንዲሞግት ይመደብና ለሚያነሳው ጥያቄ ነጥብ ይሰጠው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲጽፍ እያየ በይሉኝታ ዝም የሚል ተማሪ፣ አለቃው ፊት ቆሞ «ይህ ንድፍ ችግር አለበት» የሚልበት አንደበት ከየት ይመጣለታል?

ይህን የምጽፈው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን እያሰብኩ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የበረራ ቁጥር 302 የ157 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀድሞ ጥቅምት 19 ቀን ኢንዶኔዥያ ላይ ሌላ ቦይንግ 737 ማክስ ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ገብቷል። ነገሩ ለጀማሪ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞዎቹ ስለሚበልጡ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተደርገው ተገጠሙ፤ በዚህም የተነሳ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫው ቀና የማለት ዝንባሌ ስላሳየ፣ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር በጭራው በኩል አፍንጫውን ዝቅ እንዲያደርግ ተጨመረ። አውሮፕላኑ አየሩን በምን አንግል እንደሚገጥም የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች እያሉ ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። የእኛው አውሮፕላን የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ገደማ ላይ ነበር። ሶፍትዌሩ ጭራውን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው መጠን በንድፉ ሂደት ከ0.6 ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ በፓይለቶቹ ማኑዋል ውስጥ ግን ስለ አሠራሩ ማብራሪያ አልነበረም። ለውጡ ሲደረግ ማን ለማን ነገረ? ያልነገረውስ ለምን? አንደኛ ዓመት ላይ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማንሳት ያልለመደ መሐንዲስ የኋላ ኋላ በአንድ ቀን የሥነ ምግባር ሥልጠና ይለምደዋል ብዬ አላምንም።

የአገራችን የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በሪፖርቱ ላይ አስተያየታቸውን ለየብቻ አውጥተዋል፤ ሴንሰሩ የተበላሸበትን ምክንያት በተመለከተም ሆነ ለበረራ ሠራተኞቹ አሠራር በተሰጠው ቦታ ከእኛው ቢሮ ጋር አልተስማሙም። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ልዩነት ለጀማሪ ማሳየት ግራ ያጋባል ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ወገን አንብቦ፣ የቱ ድምዳሜ በየትኛው መረጃ ላይ እንደቆመ በአንድ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ከብዙ ምዕራፍ የበለጠ ትምህርት ያገኛል ባይ ነኝ። በስሜት ወደ አንዱ ማድላት እዚህ ላይ ቀላል ስለሆነም ልምምዱ ከባድ ነው።

«በዚህ የተማሪ ብዛት እንዴት ይቻላል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥራ ሁለት ቡድን ይኖራል፤ ለንድፍ ግምገማው ለአንድ ቡድን ሩብ ሰዓት ቢሰጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለየቡድኑ አንድ የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ የውርወራውም ቦታ ነፋስ የማይገባበት የስፖርት አዳራሽ ወይም የምግብ አዳራሽ ሊሆን ይችላል። በገምጋሚነት ከአየር መንገዱ የጥገና መሐንዲሶች ሁለት ቢጋበዙ የሚነሱት ጥያቄዎች ከእኛ ከመምህራኑ ይበልጥ ጠንከር ያሉ ይሆናሉ። እውነተኛው ችግር የሚመስለኝ የነጥብ አሰጣጡ ነው፤ ሩቅ ለበረረው ብቻ ነጥብ ከተሰጠ ተማሪው ቁጥሩን ያጭበረብራል፣ ስለዚህ ያሰላውና የለካው ለምን እንደተለያየ በቅንነት ለጻፈው ይበልጥ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ እንዴት ማስገባት እንደሚቻል የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የሚሉትን በዚሁ ዓምድ ብናነብ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የምህንድስና መምህር
ከአዲስ አበባ