ለአብሮ አደጌ፣ ስለ ልብስ ስፌት ቤታችን ደብተሮች

ይድረስ ጅዳ ላለው ወንድሜ፤
ከደሴ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ስልኩ ተቋረጠ። ሲመለስ ደግሞ የሆነውን በሁለት ደቂቃ መናገር ከበደኝና ዝም አልኩ። ዛሬ አንተ ብቻ የምትመልስልኝ ጥያቄ ስላለኝ ከሥሩ ልንገርህ።

ጉዳዩ የሱቃችን ደብተሮች ናቸው። አሠራራቸውን አልረሳህም፦ ስም፣ ቁመት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፤ ከዚያ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣ ቀጠሮ። ያን ጊዜ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ስለነበርን መዝገብ እንድንይዝ የሚያስገድደን ሕግ አልነበረም፤ ሐምሌ ሲገባ የተገመተብንን ከፍለን እንወጣ ነበር። የጻፍነው ለራሳችንና ለደንበኛው ነው። ውሸት ያልገባበትም ለዚህ ይመስለኛል።

ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሲጀመር በደብተሩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ብሩ የተቀየረው በዚያው ዓመት መስከረም ነበርና አንዳንዱ ቀብድ አጠገብ «በአዲሱ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሌላው ሁሉ የጥር ሙሽሮች ሱፍ ነው። ገጹ የሚለወጠው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴና መስከረም የዩኒፎርም ወቅት፣ የእኛ አዝመራ መሆኑን ታውቃለህ። በዚያ ክረምት ግን ትምህርት ቤቶቹ ከወልድያና ከቆቦ በተፈናቀለ ሰው ተሞሉ። ያስለካው ወላጅ ገንዘቡን ፈልጎ እየተመለሰ መጣ፤ «ቀብድ ተመለሰ» የሚለው ቃል ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ ደግሞ «ማጥበብ»፣ «ማሳጠር» ይላል። ለተፈናቃዮቹ በእርዳታ የተሰጣቸው ልብስ ልካቸው ስላልነበረ ይዘውት ይመጡ ነበር። ለእነሱ የዋጋውን ቦታ ባዶ ተውኩት።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ውጊያው ደሴ ደረሰ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ መለቀቃቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። በዚያ መካከል መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። የኤሌክትሪክ ስፌት መኪኖቹ ቆሙ፤ አንተ ሙያ የተማርክበት የእግር ሲንጀር ግን ሠራ። ካውያውም የከሰል ሆነ። የእነዚያ ሳምንታት ገጾች ላይ ብር እምብዛም አታገኝም። «ጃኬት ጥገና፣ ሁለት ጣሳ ስንዴ»፤ «ጆንያ መስፋት፣ ከሰል»፤ ወፍጮ ስለቆመ ስንዴውን ቀቅለን ንፍሮ በላነው። ከዚያ «አቡጀዲ» የሚሉ መስመሮች አሉ። ለከፈን ቀድጄ የሰጠሁት ነው። የሟቹን ስምና የጨርቁን ሜትር ብቻ ጻፍኩ፤ ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን ዛሬም ሳየው ይዘገንነኛል። የሰኞ ገበያው እህል ነጋዴ ጥር 2013 ለልጁ ሠርግ ሱፍ ሲያሰፋ ወገቡ 96 ነበር። ታኅሣሥ 2014 ያንኑ ሱሪ ለማጥበብ ሲመጣ እንደገና ለካሁት፤ 87። ሁለቱም ቁጥሮች በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ረሃቡን በቃል ብነግርህ አጋነነ ትለኝ ይሆናል፤ ሜትሩ ግን አያጋንንም።

ሱቁ ተዘርፏል። የጨርቅ ጣቃው በሙሉ ሄደ፣ ሁለቱ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ሄዱ፤ ሲንጀሩን ከነእግሩ የሚሸከመው አልተገኘም። ደብተሮቹን ከወለሉ ላይ ለቀምኳቸው። በኋላ የጉዳት ምዝገባ ሲመጣ ደብተሬን አቅፌ ቀረብኩ፤ መዝጋቢዎቹ የግዢ ደረሰኝ ካልሆነ አንቀበልም አሉኝ። ጣቃ በደረሰኝ የሚገዛ ትንሽ ሰፊ በዚህ ከተማ ማን አለ? ሲቃጠል የኖረው አንጀቴ በዚህ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ቀብድና ቀጠሮ በቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ተራ ደብተር ማለት ግፍ ነው። መቀሌ ያለው የሙያ ወንድማችንም እንዲህ ያለ ደብተር ይኖረዋል ብዬ አስባለሁ። እነሱ ዘንድ ባንክና ስልክ ከሰኔ 2013 ጀምሮ ተዘግቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ አልተከፈተም። የእሱ ገጾች ከእኔ ይበልጥ የከበዱ መሆን አለባቸው።

ዕዳውን በተመለከተ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ በጦርነቱ ወቅት የቀረብኝን ሁሉ ምሬአለሁ፤ መስመሩን ግን አልሰርዝም። ልጄ «ካልጠየቅሃቸው ለምን ታስቀምጠዋለህ?» ትለኛለች። ምሕረት የተደረገለትም ሰው ምን እንደተማረለት ማየት ከፈለገ ማየት አለበት እላታለሁ። አንዳንዱ ራሱ እየመጣ ይከፍላል፤ በድሮው ዋጋ፣ ዛሬ ክር በማይገዛ ብር። ተቀብዬ «ተከፈለ» እላለሁ። ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጣች። ባሏ በዚያ ኅዳር ሞቷል፤ ዘመድ ዘንድ ቆይታ ገና መመለሷ ነው። የሟቹን ዕዳ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ትጠይቃለች፤ ዕዳው ሳይከፈል ሰደቃ ማውጣት አልዋጥልሽ ብሏታል። ስሙን ፈልጌ በ2010 ደብተር፣ በአንተ የእጅ ጽሑፍ አገኘሁት፦ ካፖርት፣ ቀሪ 350 ብር። ከቀሪው አጠገብ ደግሞ ኮከብ አለ። በሌሎች መስመሮችም ኮከብ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ከኮከቡ ጋር «ተከፈለ» ተጽፏል፣ አንዳንዱ ላይ አልተጻፈም። እኔ ምሬዋለሁ አልኳት፤ እሷ ግን «ምሕረቱን አልጠላሁም፤ ግን ከፍሎ ከሆነ ከፍሏል ይባልለት፣ ካልከፈለም እኔ ልክፈል» አለች። ትክክል ናት።

ኮከቡ ከፈለ ማለት ነው ወይስ ልብሱን ወሰደ ብቻ? ሰውየውን ታስታውሰው ይሆናል፤ ሆጤ ሜዳ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው፣ ግራ ትከሻው ዝቅ የሚለው ነው፤ ይህንንም ራስህ ከልኩ ጎን ጽፈኸዋል። የገጹን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ለሴትየዋ እስከ ዓርብ መልስ እሰጥሻለሁ ብያታለሁና አትዘግይብኝ። ስለ ራስህም ጻፍልኝ፤ ስለ ሥራህ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ፣ ልጅ ወልደህ እንደሆነም። እናቴ ሰላም ብላሃለች።

ወንድምህ