ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የመውጫ ፈተናው ዝርዝር ውጤት እኛም ጋ ይድረስ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ወሎ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ባለፈው የመውጫ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ማግስት አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ መጣች። የወረኢሉ ልጅ ናት። ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝ። 47። ማለፊያው 50 ነው።

«ቲቸር፣ እናቴ አብሽሪ ትለኛለች። ግን የቱን ነው የሳትኩት? ምኑን ላንብብ?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ የደረሳት አንድ ቁጥር ነው። እኛ ዲፓርትመንት የደረሰንም ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ የሚል ብቻ።

ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ መሰጠቱን ከልቤ እደግፋለሁ። እኛ የሰጠነውን ኤ እና ቢ የሚፈትሽ የውጭ ሚዛን ያስፈልገን ነበር። የመምህር ምዘና ፎርሙንማ ተማሪው ግሬዱን ለማየት ሲል በሁለት ደቂቃ ሁሉንም 5 ሞልቶ ያልፈዋል። እኔም 4.8 አግኝቼበታለሁ። በዚያው ሴሚስተር ግማሹ ተማሪዬ የላብ ዕቃ በእጁ ሳይነካ ነው የጨረሰው።

ውጤቱ እንደመጣ ስብሰባ ተቀመጥን። ቲቶሪያል ይጨመር ተባለ። በየትኛው ኮርስ? ሁሉም የየራሱን ግምት ተናገረ። መጨረሻ ላይ ለሁሉም ኮርስ እኩል ሁለት ሁለት ሰዓት ጨምረን ተነሣን። ያላወቅነውን ሕመም ነው ያከምነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የተማሪዎቻችን ውጤት በኮርስ በኮርስ ተተንትኖ ለየዲፓርትመንቱ ይምጣ። ተማሪውም የደከመበትን ይወቅ። የድጋሚ ፈተና ምዝገባ ሳያልፍ ቢደርሰን ደግሞ ያኔ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲዎችን ስታነጻጽሩ ተማሪው በ12ኛ ክፍል ምን ውጤት ይዞ እንደገባም ጎን ለጎን ይታይ። በ2014 ጦርነት እኛ አካባቢ የተዘረፈው ኮምፒውተርና የላብ ዕቃ ብቻ አይደለም። ያኔ ሃይስኩል የነበሩ ልጆች የትምህርት ጊዜም አብሮ ሄዷል። እነዚያ ልጆች ናቸው እኛ ጋ የመጡት። ከዝቅታ ተነሥቶ 52 ያመጣ ልጅ ብዙ ተሠርቶበታል፣ ራሱም ብዙ ሠርቷል። በማለፊያው ቁጥር ብቻ ግን ይህ አይታይም።

ተማሪዬ ለድጋሚው ተመዝግባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት አገኛታለሁ። የአራት ዓመት ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እያነበበች ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወሎ መምህር