ደብዳቤ ለልጄ፦ ዘይቤ ለተቀላቀለበት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? አክስትህስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «የአማርኛው ዘይቤ ሁሉም ተቀላቀለብኝ» ያልከኝን በስልክ ለማስረዳት ካርዱም አይበቃ፣ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ስማቸውን መሸምደዱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ አባባሉን ፍታና በተራ ቃል ተናገረው። ከዚያ «ምን ጎደለው?» በል። ዘይቤው የገባው ያንን የጎደለውን ለማምጣት ነው።

ተነጻጻሪና ተለዋጭ ብዙ አያስቸግሩም። «እንደ አንበሳ ተዋጋ» ተነጻጻሪ ነው፣ «አንበሳ ነው» ተለዋጭ። ግን «እንደ» ባየህ ቁጥር ዘለህ አትያዝ። «እንደ አባቱ ረጅም ነው» ሰውን ከሰው ማስተያየት ነው፣ ዘይቤ የለበትም። «እንደነገርኩህ አድርግ» ላይማ ጭራሽ ማነጻጸርም የለ። ዘራቸው የማይገናኝ ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ነው ዘይቤ የሚመጣው።

ሰውኛ፣ ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ብርድ መታኝ እንላለን። እንቅልፍ በምን እጁ ይወስዳል? ከመለመዱ የተነሳ ማንም ልብ አይለውም። «እንቅልፍ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ» ብትል ግን ሰው ቀና ብሎ ያይሃል። እንቶኔ ደግሞ ነገሩን ራሱን ማናገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ሞት ሆይ፣ መውጊያህ የት አለ?» ሲል ሞትን ፊት ለፊት እየጠየቀው ነው። ሞትን እንደ ሰው ስለቆጠረው ሰውኛም አለበት። አየህ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተደርቦ ይመጣል። የተቀላቀለብህ አንተ ሰንፈህ አይደለም።

እኔ የምወደውን ምሳሌ ልንገርህ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። (ሽጉጥ «መጠጣት» ራሱ ዘይቤ ነው፣ እለፈው።) ሕዝቡ ታዲያ እንዲህ ብሎ ገጠመ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

በቀጥታ ከፈታኸው ውሸት ነው። ከሦስት ቀን በፊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ የጦር አዛዣቸውን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶ የሚቆጠር ወንድ አልቋል። ገጣሚው ይህን አጥቶት አይደለም። ግነት ስንል ሁልጊዜ ቁጥር መቆለል ይመስለናል፤ ሺህ ጊዜ ነገርኩህ እንደምልህ። እዚህ ግን ቁጥሩን ወደ አንድ አውርዶ ሰውየውን አገዘፈው። «የሴቱን አናውቅም» የምትለዋ ደግሞ ተንኮለኛ ናት። እውነተኛ ምስክር መስሎ ይጀምርና ቀጥሎ የሚመጣውን ያሳምንሃል። «ወንድ» ያለው ጾታን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ጀግና ማለቱ ነው። በሕይወት ለተረፉት ወንዶችም ነገር ጣል አድርጎላቸዋል። በሁለት መስመር ይሄ ሁሉ! አንድ ስም ብቻ ስጠው ቢሉኝ እኔም እቸገራለሁ።

ምጸት አንዱን ብሎ ተቃራኒውን ማለት ነው፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው ጽሑፍ ላይ ነው። ወተቱ ሲገነፍል ቆመህ ስታይ «ጎሽ የኔ ጎበዝ!» ብልህ ከድምፄ ትረዳለህ። ቴሌግራም ላይ «አበጀህ» ብዬ ብጽፍልህ ግን ምስጋና ይሁን ስድብ በምን ታውቃለህ? ድምፅ ስለሌለ ሁኔታውን ማየት ነው። የተደረገውና የተባለው ካልተጣጣሙ ምጸት ነው ብለህ ጠርጥር።

ሰምና ወርቅን፣ ላይ የሚታየውንና የተደበቀውን ትርጉም ማለቴ ነው፣ መምህራችሁ ሳያስተምሯችሁ አይቀሩም። «ሌባው እስር ቤት ገብቶ ተማረ» የሚል ቢገጥምህ ትምህርቱ ሰሙ ነው፣ ምሕረቱ ወርቁ። ቅኔ ቤት ሰው ዓመታት የሚቆይበት ነገር ስለሆነ በዚች ወረቀት አልጨርሰውም።

ለፈተናው፣ ጥያቄው ያሰመረበትን ቃል ብቻ ተመልከት። ሁለት መልስ ትክክል ከመሰለህ ያ ቃል የትኛው ላይ እንደሚያርፍ እይ። ሌላው መለማመድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አክስትህ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥ። ስለ ጎረቤት ማውራት ከጀመረች ግነቱም ምጸቱም አይጎድልብህም። የሰማኸውን ጽፈህ ላክልኝ፣ እኔ አርምልሃለሁ። እሷ ግን እንዳታውቅ።

እናትህ