ለወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ክረምት እርጥበትና ሻጋታ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት እየተረከብን ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎባቸዋል፤ ገጾቻቸው አብጠው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። ልጆቹን አልተቆጣንም። መጽሐፉ የከረመው ግድግዳ ጥግ፣ አልጋ ሥር ነው። ልጁም የሚተኛው እዚያው ነው። መጽሐፉን ያሻገተውን አየር ልጁም ይስበዋል። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ልጆች ቤት ነው የሚውሉት።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንለይ። ከዝናብ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ከወጣ ጣሪያው ያፈሳል፤ የላላ ሚስማር ወይም የዛገ ቆርቆሮ ፈልጉ። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ከረጠበና ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ ውሃው ከመሬት ነው። አሸንዳው ተሰብሮ ከግድግዳው ሥር ይፈስ ይሆናል፣ ወይም ቦዩን ፌስታል ደፍኖታል። የጋራ ግቢ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አሁኑኑ ጥረጉት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ዝናብ ሳይጥል መስኮቱ ጠዋት አልቦት ካደረ፣ ቆርቆሮው ከውስጥ ጠብ ጠብ ካለ፣ ውሃው የራሳችን ነው። ትንፋሻችን፣ ድስታችን፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በቀን ወደ 10 ሊትር ውሃ በእንፋሎት መልክ አየር ላይ ይለቃል፤ ግማሽ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም የቀዘቀዘ ቆርቆሮና መስታወት ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጣሪያ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው።

ልደታና ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አላመለጣችሁም። እንጀራ ስትጋግሩ አክምባሎው በተነሳ ቁጥር ፊታችሁን የሚመታው እንፋሎት የት የሚሄድ ይመስላችኋል? መስኮቱ ዝግ ከሆነ መኝታ ቤት ገብቶ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያርፋል። የወጥ ቤቱን መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሳሎን የሚያስገባውን በር ዝጉ። ቁምሳጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቁት፤ ከጀርባው አየር ይለፍ።

መስኮት ላይ እንደማንስማማ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት የሚነሳውን ጭቅጭቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብርድ ይመታናል የምትሉ፣ ልጆቹን ሌላ ክፍል አድርጋችሁ ጠዋት ብራ ሲል ለሩብ ሰዓት በርና መስኮቱን ክፈቱት። ይበቃል።

ከሰል ላይ ግን አልደራደርም። ክፍል ለማሞቅም፣ ዩኒፎርም ለማድረቅም ብላችሁ ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ቢያልፍ፣ ፍሙ ቢቀላም መርዙ አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

ሻጋታ ስታጸዱ በደረቁ አትጥረጉት፣ ብናኙ ይነሳል። አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ሳሙናና ውሃ በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ልጆች አጠገቡ አይሁኑ። ሴራሚክና መስታወት ላይ በረኪና ይሠራል። ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ አቅጥኑት፣ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የጭቃ ግድግዳ ላይ በረኪና ብዙም አይረዳም። የሻገተውን ልስን ፍቆ፣ በደንብ አድርቆ፣ ኖራ መቀባት ይሻላል። በዘይት ቀለም መሸፈን ብር ማባከን ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ቀለሙን ይልጠዋል። ውሃው ያልተዘጋበት ግድግዳ ደግሞ ምንም ቢቀባ መልሶ ይሻግታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ከእርጥቡ ግድግዳ አርቃችሁ አስተኙት። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን ሻጋታው ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒፎርሙ ስለሚሸት ብቻ ጓደኞቹ አብረውት መቀመጥ የማይፈልጉት ልጅ አለ። ልብሱ ታጥቧል፤ የደረቀው ግን ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ዩኒፎርም ያልደረቀለት ተማሪ በሌላ ንጹሕ ልብስ መምጣት ይችላል። ወላጅ አምጣ አንልም። መምህራንም ይህን ያውቃሉ።

መጽሐፍ ያልመለሳችሁ እስከ ካርድ መስጫው ቀን አምጡልን። የረጠበውን እሳት ዳር አታድርጉት፤ በየገጹ መሃል ወረቀት እያስገባችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ አቁሙት። የሻገተውን ለብቻው በፌስታል አድርጋችሁ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ስጡ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል። በእርጥበት ለተበላሸ መጽሐፍ ዘንድሮ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህር